ባልየው የት ነበር?

«አባ፣ እስካሁን ሁሉም የሚጠይቀው ሴቲቱ ያን ሌሊት የት እንዳደረች ነው። ባልየውስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የት ነበር?»

ይህን የጠየቁኝ በቁምስናችን አዳራሽ በተደረገው የባለትዳሮች ስብሰባ ላይ የተገኙ አንዲት እናት ናቸው። በዚያ ዕለት አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም አብረን ተመልክተን ስናበቃ ስለ ምስጢረ ተክሊል አጭር ትምህርት ልሰጥ ተዘጋጅቼ ነበር። ትምህርቱ ከተጻፈበት ወረቀት ሳይወጣ ቀረ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። በተለይ ዕጮኞችን ለጋብቻ ለምታዘጋጁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ በዚህ መጽሔት ላሰፍረው ወደድኩ።

ፊልሙ «ዘ ኦፉል ትሩዝ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «መራራው እውነት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በሆሊውድ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ቀልድ ነው። ዲሬክተሩ ሊዮ ማኬሪ ካቶሊክ ነበር። ሚስቲቱን ሆና የተጫወተችው አይሪን ደንም በእምነቷ የታወቀች ካቶሊካዊት ነበረች፤ የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ በ1949 ሌታሬ የተባለውን ሜዳይ ሸልሟታል። ባልየውን የተጫወተው ኬሪ ግራንት ነው። ንግግሩ እጅግ ፈጣን ስለሆነ እየተረጎምኩ ላስከትል ስሞክር ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር፤ መጀመሪያ እንግሊዝኛ የሚያውቁት ይስቃሉ፣ ቀጥሎም ሌሎቹ። አንዳንዴ የኔ ትርጉም ሲደርስ የሚሳቅበት ነገር አልፎ ይገኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጄሪ የተባለ ባል ለሁለት ሳምንት ወደ ፍሎሪዳ እሄዳለሁ ብሎ ሚስቱን ሉሲን ተሰናብቷል። ወደ ፍሎሪዳ ግን አልሄደም። ከፀሐይ አገር የመጣ እንዲመስል በአንድ የስፖርት ክበብ ውስጥ በመብራት ሙቀት ቆዳውን ሲያጠቁር እናየዋለን። ወዳጆቹን አስከትሎ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ የለችም። ጥቂት ቆይታ የምሽት ልብሷን እንደ ለበሰች ከድምፅ መምህሯ ጋር ትመጣለች፤ መኪናቸው በመንገድ ተበላሽቶባቸው ሌሊቱን በዚያው በገጠር እንዳሳለፉ ትናገራለች። እንግዶቹ እያፈሩ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ባልየው በትዳር ውስጥ እምነት ከጠፋ ሁሉ ጠፋ ብሎ ሊያስተምራት ሲጀምር፣ ሚስቲቱ ከፍሎሪዳ አመጣሁልሽ ካላት ብርቱካን አንዱን ታሳየዋለች። በልጣጩ ላይ «ካሊፎርኒያ» የሚል ማኅተም አለበት። ሁለቱም አገሮች ብርቱካን ያበቅላሉ፤ ግን አንደኛው በአሜሪካ ምሥራቅ ጫፍ፣ ሌላው በምዕራብ ጫፍ ነው።

በዚያው ዕለት ፍቺ ይነሣል። ሉሲ ስልክ የደወለችለት ጠበቃ ጋብቻ ውብ ነገር ስለሆነ አትቸኩዪ እያለ ይመክራታል፤ ሚስቱ ለራት ስትጠራው ግን አፈሙዙን ሸፍኖ ይጮኽባታል፣ ከዚያም ወደ ምክሩ ይመለሳል። በአዳራሻችን ከሁሉ በላይ የተሳቀው እዚህ ላይ ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ልጅ ስለሌላቸው የሚጣሉት ስለ ውሻቸው ነው። ዳኛው ፍቺውን ይወስናል፤ ውሳኔው የሚጸናው ግን ከዘጠና ቀን በኋላ ነው። እነዚያ ዘጠና ቀናት ናቸው ፊልሙ። እርሷ ከኦክላሆማ የመጣ ባለ ነዳጅ ሰው ልታገባ ትቃረባለች፤ እርሱም የባለጸጋ ልጅ ያጫል። አንዱ የሌላውን ነገር ያበላሻል። በመጨረሻው ሌሊት በተራራ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን በሆኑ ሁለት ክፍሎች ያድራሉ። በመካከል ያለው በር መዝጊያው ስለማይይዝ ነፋስ እየከፈተው ይተያያሉ። ባልየው ሞኝ ሆኜ ነበር ይላል። ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ይታረቃሉ።

መብራቱ ሲበራ አስተያየት ጠየቅሁ። ወጣቶቹ ባልና ሚስቶች ደስ ብሏቸዋል፤ ከዚህ የዘለለ የሚሉት አልነበራቸውም፣ እኔም አልተጫንኳቸውም። አንድ አረጋዊ አባት ግን ተቆጡ። «በፍቺ ይቀለዳልን? በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ?» አሉ። ቁጣቸውን አከብራለሁ። የፈረሰ ቤት ያየ ሰው በመፍረስ መሳቅ አይችልም። ሆኖም ፊልሙ የሚስቀው በጋብቻ ላይ ሳይሆን ጋብቻን በቀላሉ አፍርሰን እንወጣለን ብለው በሚያስቡት ላይ እንደሆነ ልገልጽላቸው ሞከርኩ፤ ያሳመንኳቸው አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ወደ አንድ ነገር አመራ። መኪናው በእውነት ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም? ሉሲ በድላለች ወይስ አልበደለችም? ከመምህራኖቻችን አንዱ፣ ፊልሙ ይህን ሳይነግረን ማለቁ ጉድለት ነው፣ ንጹሕ መሆኗ ካልታወቀ እርቁ በምን ላይ ይቆማል ብሎ ተከራከረ። ሌላው ደግሞ ፊቷን አይቶ መፍረድ እንደሚቻል ተናገረ። ግማሽ ሰዓት ያህል የአንዲት ሴት አንድ ሌሊት ተመረመረ። ያን ጊዜ ነው እኒያ እናት ከኋላ ሆነው ከላይ የጠቀስኩትን የጠየቁት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ፊልሙን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ያየሁ ሰው፣ ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላነሣሁ ተገነዘብኩ።

መልሱን በፊልሙ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ሉሲ ስለ ሌሊቷ በባልዋ ፊት፣ በእንግዶች ፊት፣ ኋላም ዕጮኛ በሆናት ሰውና በእናቱ ፊት ትጠረጠራለች፣ ትጠየቃለች። ስለ ጄሪ ሁለት ሳምንታት የሚመሰክር ማኅተም ያለበት ብርቱካን ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ ስለ ብርቱካኑ የሚያነሣ የለም። የኛም አዳራሽ እንደ ፊልሙ አደረገ።

ነገሩ በሆሊውድ አልተጀመረም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የቅናት ሕግ የሚባለውን እናነባለን። የቅናት መንፈስ ያደረበት ባል ምስክር ባይኖረውም እንኳ ሚስቱን ወደ ካህኑ ያመጣል፤ ካህኑም ከማደሪያው ወለል ትቢያ ወስዶ በተቀደሰ ውኃ ይጨምራል፣ የእርግማኑንም ጽሑፍ በውኃው አጥቦ ያጠጣታል። ሊቃውንት ይህ ሕግ በዘመኑ ሴቲቱን ከባልዋ እጅና ከሕዝብ ድንጋይ ያዳነ ነው ይላሉ፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር አሳልፎ ይሰጣልና። ይህ ማብራሪያ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለቀናች ሚስት የተዘጋጀ ጽዋ በዚያ ምዕራፍ የለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ደግሞ በምንዝር ስትያዝ ተገኘች የተባለችውን ሴት ወደ ጌታ አቀረቧት። ስትያዝ ከተገኘች አብሯት የተያዘ ሰው ሊኖር ይገባ ነበር። እርሱን ያመጣው የለም። ጌታችን ለከሳሾቹ የመለሰው ስለ እርሷ ሌሊት ሳይሆን ስለ ራሳቸው ኃጢአት ነው፤ እነርሱም ከሽማግሌዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ ወጡ።

የዛሬው ሕገ ቀኖናችን በዚህ ረገድ አያሻማም። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕግም ሆነ በ1990 ለምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የወጣው ሕግ፣ የትዳርን የጋራ ሕይወት በሚመለከት ባልና ሚስት እኩል ግዴታና እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋሉ። ይህን በየጋብቻ ዝግጅቱ እናስተምራለን። ያስተማርነውን ግን በአዳራሽ ውስጥ ፊልም ስናይ እንኳ ረስተነዋል።

እዚህ ላይ ስለ ፊልሙ ዘመን አንድ ነገር ልጨምር። በ1930 የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች የተቀበሉት የሥነ ምግባር ደንብ የተረቀቀው በካቶሊካዊው የኅትመት ሰው በማርቲን ኩዊግሊና በኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በአባ ዳንኤል ሎርድ ነበር። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስፈጸመው ጆሴፍ ብሪንም ካቶሊክ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1936 «ቪጂላንቲ ኩራ» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው የአሜሪካ ጳጳሳት በፊልም ረገድ ያደረጉትን ጥረት አመስግነዋል። ደንቡ የጋብቻ ክብር እንዲጠበቅ፣ ምንዝርም ማራኪ ወይም ትክክለኛ መስሎ እንዳይቀርብ ያዝዝ ነበር። ስለ ወንድና ሴት መሳሳብ ለማሳቅ ለሚፈልግ ዲሬክተር እንግዲህ አንዱ ምቹ መንገድ የተጣሉ ባልና ሚስትን መልሶ ማፋቀር ነበር። የተራራው ቤት ታሪክ ከእኩለ ሌሊት በፊት ማለቁም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እስከዚያች ሰዓት በሕግ ባልና ሚስት ናቸው። ይሁን እንጂ፣ ይህ የራሴ ግምት ነው፣ ያው ደንብ የባልየውን ሁለት ሳምንት ለመሸፈንም የረዳ ይመስለኛል። ምንዝር በግልጽ እንዳይታይ ስንከለክል አመንዝራውም አብሮ ተሰወረ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። እርቁ በምን ላይ ይቆማል?

ንጹሕ መሆኗ ካልታወቀ እርቅ የለም ያለው መምህር፣ ባልን ዳኛ አድርጎታል። ዳኛ ያለ ማስረጃ እንዲፈርድ አይፈቀድለትም። ባል ግን በሠርጉ ቀን ፈቃዱን ሲገልጽ የተናገረው ስለ ሚስቱ ያለፈ ሕይወት የምስክርነት ቃል አይደለም፤ ገና ስላልመጣው ዘመን የገባው ኪዳን ነው። በቋንቋችን «አመነ»፣ «ታመነ»፣ «ታማኝ» የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ «አሜን»ም የዚሁ ወገን ነው። አሜን የሚለው ሰው ማስረጃ ተሟልቶ ቀርቦለት አይደለም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2016 «አሞሪስ ላቲሺያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክራቸው፣ ፍቅር ሁሉን ያምናል የሚለውን የቅዱስ ጳውሎስ ቃል ሲያብራሩ፣ እንዲህ ያለ እምነት የትዳር ጓደኛን እያንዳንዱን እርምጃ ከመከታተል ነጻ እንደሚያወጣ አስተምረዋል። ፊልሙም ይህንኑ በቀልድ ያሳያል። ጄሪ ሚስቱን ከድምፅ መምህሯ ጋር ይይዛት ዘንድ ወደ ሰውየው ቤት በር ሰብሮ ሊገባ ሲታገል፣ ተወርውሮ የሚደርሰው በተከበሩ እንግዶች መካከል ነው። ሉሲ ቆማ ትዘምራለች። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ ከወንበሩም ጋር ይወድቃል። ኃጢአት ፍለጋ ሄዶ ያገኘው መዝሙር ነው።

እስከዚህ ድረስ ያዘጋጀሁት ትምህርት ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር፦ ባለትዳሮች ሆይ፣ ተማመኑ። የእኒያን እናት ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ ግን በዚያ ማቆም አልቻልኩም።

ምክንያቱም በፊልሙ ውስጥ ስለ እምነት አዘውትሮ የሚሰብከው የዋሸው ሰው ነው። ብርቱካኑን የገዛው፣ ቆዳውን ያጠቆረው እርሱ፣ እምነት ከሌለ ትዳር የለም ይላል። ይህን ድምፅ በየቤቱ እናውቀዋለን። «አታምኚኝም?» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያልተመለሰ ጥያቄ ቀርቦለታል። እምነት ከሰጪው ዘንድ ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ እንደ ዕዳ ሲጠይቀው በር መዝጊያ ይሆናል። ጠያቂዋም ነገሩ ተገልብጦ እርሷ የጠረጠረች፣ እርሷ ያጠፋች ሆና ትገኛለች።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ፣ ታዲያ የቤት ገመና መሸፈን የለበትምን ይሉኛል። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሊዮ ማኬሪ በዚያው በ1937 ሌላ ፊልም ሠርቷል፤ «ሜክ ዌይ ፎር ቱሞሮ» ይባላል። ቤታቸውን ያጡ ሁለት አረጋውያን በልጆቻቸው እጅ እንዴት እንደሚለያዩ የሚያሳይ እጅግ የሚያሳዝን ታሪክ ነው። ማኬሪ ለ«መራራው እውነት» የአካዳሚውን የዲሬክተርነት ሽልማት ሲቀበል፣ ሊሸለምበት የሚገባው ያኛው ፊልም እንደ ነበር ተናግሯል። በዚያ ፊልም ያለችው ሚስትም ስሟ ሉሲ ነው። ባልዋ ወደ ካሊፎርኒያ ወደ ሴት ልጃቸው ሲላክ እርሷ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ልትገባ ነው፤ ይህን ግን ባልዋ እንዳይሰማ ትደብቃለች፣ ልጇንም እንዳይነግረው ታስጠነቅቃለች። በባቡር ጣቢያ እንደሚገናኙ ሰዎች ሆነው ይሰነባበታሉ። ይህም ዝምታ ነው። ሐሰት አለበት ብዬ ከመፍረድ እቆጠባለሁ፤ ነገር ግን ሸክሙን ማን እንደተሸከመው እዩ። አሮጊቷ ሉሲ በዝምታዋ ሸክሙን ለብቻዋ አነሣች። ጄሪ በዝምታው ሸክሙን በሚስቱ ላይ ጣለ። ገመናን መሸፈንና በደልን መደበቅ ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው።

በዘርዐ ክህነት የሥነ ምግባር ትምህርት ስንማር፣ ማንም ያላወቀውን ኃጢአት ተናዛዡ የግድ ለትዳር ጓደኛው እንዲገልጥ ማስገደድ እንደማይገባ፣ መግለጡ ከመፈወስ ይልቅ ሊያቆስል እንደሚችል ተነግሮናል። ይህን ምክር እስከ ዛሬ እይዘዋለሁ። ሆኖም ምክሩ የሚያገለግለው ሌላው ወገን ባላወቀ ጊዜ ነው። ሉሲ ግን ማኅተሙን አንብባለች። ሙሉውን አታውቅም፤ እንደ ተዋሸች ግን ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ዝምታ እርሷን ከምንም አያድናትም።

ሕገ ቀኖና ስለ ምንዝር ይቅርታ የሚናገረው እዚህ ላይ ይረዳናል። የተበደለው ወገን በክርስቲያናዊ ፍቅር ተነሣሥቶ ይቅርታን እንዳይከለክል አጥብቆ ይመክራል፤ ሆኖም ይቅር ካላለ አብሮ መኖርን የማቋረጥ መብት እንዳለው ያውቃል። በቃል ሳይሆን በአኗኗር የሚደረግ ይቅርታም አለ፤ ተበዳዩ ለስድስት ወር ያህል ሳይከስ በትዳሩ ከኖረ ይቅር እንዳለ ይገመታል። ይህ ግምት ግን የሚቆጠረው ተበዳዩ በደሉን በእርግጥ ካወቀ በኋላ ነው። ሕጉ ያላወቀችን ሴት ይቅር ብላለች አይልም፤ ይቅር የሚባለው ነገር በፊቷ አልተቀመጠምና። ጄሪ ሞኝ ነበርኩ አለ። ሞኝነት ኃጢአት አይደለም፣ ይቅርታም አያስፈልገውም። በኑዛዜ ስፍራ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ሲመጣ፣ ካህን ጥቂት መታገሥና ቀጥሎ የሚለውን መጠበቅ አለበት።

ስታንሊ ካቬል የተባለው የሃርቫርድ ፈላስፋ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ፊልምና ሌሎች ስድስት መሰል ፊልሞችን መርምሮ፣ ጋብቻ በእነርሱ ዘንድ ከሁሉ በፊት ንግግር እንደ ሆነ አስረድቷል። ሐሳቡን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ከጆን ሚልተን ነው፤ ሚልተን ግን ያን የጻፈው ፍቺ እንዲፈቀድ ሲከራከር ስለ ነበር ልከተለው አልችልም። ሆኖም ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም የተባለው በአንድ ቤት አብሮ እየኖሩ ባለመነጋገር ለሚመጣው ብቸኝነት ጭምር እንደ ሆነ እቀበላለሁ። ጄሪና ሉሲ ከማንም ጋር እንዲህ አያወሩም፣ እንዲህ አይሳሳቁም፤ የምንወዳቸውም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ አያወሩም።

በስብሰባው መጨረሻ ከወጣቶቹ አንዷ የተራራውን ቤት በር አነሣች፤ ነፋሱ በሩን ሲከፍተው እግዚአብሔር የረዳቸው መስሎ እንደተሰማት ተናገረች። ብዙዎች ተስማሙ። እኒያ እናት ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ነፋስ እስኪከፍትላቸው ለምን ይጠብቃሉ? እጅ የላቸውም?» አሉ። ወንዶቹም ሴቶቹም ሳቁ፤ በአጠገባቸው የነበሩት ባለቤታቸውም ሳቁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ አረጋውያኑ የተሠራውን ሁለተኛውን ፊልም እናያለን ብዬ አስታውቄ በጸሎት ዘጋሁ። ስወጣ እኒያ እናት በር ላይ ጠበቁኝና፣ «አባ፣ ሌላ ከማሳየትዎ በፊት ይኸኛው ገና አላለቀም» አሉኝ። ቀኑን ወደ ኋላ አዘዋውረነዋል።